86 ፖት፣ በፈረቃ ውሃ

ጥያቄው የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ጠያቂዋ ትንሽ ጓሮ ያለው ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ደብዳቤያቸው ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፦

«ከሥራ ስመለስ መንገድ ዳር ችግኝ ካየሁ ታክሲ አስቁሜም ቢሆን እወርዳለሁ። ባለፈው እሑድ ቁጭ ብዬ ስቆጥር 86 ፖትና ጣሳ ሆነ። 14 ጽጌረዳ፣ 3 አቮካዶ፣ 2 ማንጎ፣ አንድ ቡና፤ የቀረው አበባና የቤት ውስጥ ተክል ነው። አቮካዶውን ያበዛሁት ሻጩ ‹ወንድና ሴት ካልሆነ አያፈራም› ስላለኝ ነው። ክረምቱን ሁሉም እንደ ጉድ አምሮ ነበር። ከጥቅምት ወዲህ ግን ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ፣ ጫፉ እየደረቀ ነው። እጄ ለተክል አይሆንም መሰለኝ። ዩሪያ ላድርግበት? ባለቤቴ ‹ሱስ ነው› ይለኛል፤ እኔ ደግሞ አየር ያጸዳል እለዋለሁ። የሰፈሬ ችግኝ ሻጭ ደንበኛዬ ስለሆነ ሳልገዛ ማለፍም አፍራለሁ። ምን ይሻለኛል?»

ዩሪያውን አያድርጉ። ይህን ያስቀደምኩት ጽሑፉን አንብበው ሳይጨርሱ ተነስተው እንዳይጨምሩት ነው። ገበሬ በአንድ ሄክታር ላይ አንድ ኩንታል ዩሪያ ሲበትን ለአንድ ካሬ ሜትር የሚደርሰው 10 ግራም ብቻ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። አፉ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፖት ደግሞ የካሬ ሜትር አንድ ሠላሳኛ እንደ ማለት ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ማንኪያ ሲጨምሩ፣ ገበሬው ማሳው ላይ ከሚያደርገው 30 እጥፍ አደረጉ ማለት ነው። ያውም በተጠማ ሥር ላይ። የደረቀ ከንፈር ላይ ጨው እንደመነስነስ ነው። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ቡናማ ይሆንና «ማዳበሪያው አነሰው» ብለው ሌላ ይጨምራሉ። ይህን ስንት ግቢ ውስጥ አይቻለሁ።

እጅዎም ምንም አልሆነም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ 86ቱንም ሲያጠጣልዎት የነበረው ሰማይ ነው። እርስዎ መግዛት ብቻ ነበር ሥራዎ። መስከረም ሲያልቅ ዝናቡ ወጣ፣ ደመናው ተገለጠ። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ቀን ቀን ይፋጃል። ነፋሱ ደረቅ ነው። ሌሊቱ ደግሞ ያንዘፈዝፋል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለሰው ነው፤ ተክሉ የሚፈልገው ውሃ ነበር። በክረምት የገዙት ሁሉ የውሃ ድርሻውን መጠየቅ የጀመረው በዚህ ወር ነው። ችግሩ ቀድሞም ነበር፤ ዝናቡ ሸፍኖት ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ለአንድ ፖት በአማካይ ግማሽ ሊትር እንበል። 86 ፖት 43 ሊትር ይጠጣል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲያጠጡ 129 ሊትር ይሆናል፤ ስድስት ተኩል ጀሪካን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ከልብስና ከዕቃ ማጠቢያ ጋር የሚሻማ ውሃ ነው። ጊዜውም አለ። ለአንዱ ፖት አንድ ደቂቃ ቢሰጡት በሳምንት ከአራት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ያውም ቅጠል ሳይለቅሙ፣ ተባይ ሳያዩ፣ አፈር ሳይኮተኩቱ። እውነቱን እንነጋገርና አራት ሰዓት የሚሰጧቸው አይመስለኝም። ስለዚህ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል። የሚገድላቸውም ይኸው ትንሽ ትንሽ ነው፤ ውሃው ላዩን አርሶ ታች ሳይደርስ ይቀራል።

ማመን ከፈለጉ አንዱን ጽጌረዳ ዛሬ ማታ ገልብጠው ይዩት። በጥቁር ፕላስቲኩ እንዳለ ከሆነ ፕላስቲኩን በምላጭ ከላይ ወደታች ይሰንጥቁት። ሥሩ ዙሪያውን እየዞረ፣ እየተጠማዘዘ፣ እንደ ወፍ ጎጆ ተጎንጉኖ ያገኙታል። አፈር የሚባል ነገር የቀረ አይመስልም። እንዲህ በሆነ ፖት ላይ ውሃ ሲያፈሱ በጠርዙ ወርዶ ከታች ይወጣል። እርስዎ «አጠጣሁት፣ እንዲያውም ከታች ፈሰሰ» ይላሉ። መሐሉን በጣትዎ ቢነኩት ግን ዱቄት ነው። የሞሉት አፈር ዋልካ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ዋልካ ሲደርቅ ተኮማትሮ ከፖቱ ግድግዳ ይላቀቃል፤ ውሃው በስንጥቁ ሽው ብሎ ያልፋል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ቢጫ ቅጠል ሁልጊዜ ጥማት አይደለም። ውሃ የበዛበትም ቢጫ ይሆናል። ልዩነቱን የሚነግርዎ ጣትዎ ነው፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ያስገቡት። ደረቅ ከሆነ ያጠጡ፤ እርጥብ ሆኖ ቢጫ ካለ ይተዉት። ቤት ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ፣ በተለይ ስኔክ ፕላንትና እሬት፣ ከጥማት ይልቅ በደግነት ነው የሚሞቱት።

አሁን ወደ ግዢው። ለምን ማለፍ ያቅትዎታል? መንገድ ዳር ያዩት ተክል ሙሽራ ነው። በጥላ መረብ ሥር አድጎ፣ በየቀኑ ውሃ ጠጥቶ፣ ልክ አበባው ሲፈነዳ ነው ወደ ፊት የሚወጣው። እርስዎ ያንን ቀን ይገዛሉ። ቤት የሚገባው ግን የቀረው ዓመት ነው። ዋጋውም ያታልላል። ችግኙ የአንድ ማኪያቶ ያህል ሊሆን ይችላል። ፖቱ፣ አፈሩ፣ ውሃው፣ የእሑድ ጠዋትዎ ሲደመር ግን ችግኙ የወጪው ትንሹ ነው። ሌላም አለ፤ «ታሳዝናለች፣ እኔ ልውሰዳት» ብሎ የጠወለገች ችግኝ መግዛት። ይህን እኔም እስካሁን አልተውኩትም።

ደግሞም ተክል መግዛት ተስፋ መግዛት ነው። ጫማ ሲገዙ ያገኙትን ያውቃሉ። ችግኝ ሲገዙ የሚያዩት ከሦስት ዓመት በኋላ ከሥሩ ቡና የሚጠጡበትን ዛፍ ነው። ሰው እንዲህ ዓይነቱን ነገር በቀላሉ አያልፍም። ደግሞ አዲስ አይደለም። በ1630ዎቹ ሆላንድ ውስጥ ሰው ሽንኩርት ለመሰለ የቱሊፕ አበባ ሥር የቤት ዋጋ የሚያህል እስከ መክፈል ደርሶ ነበር፤ በየካቲት 1637 እ.ኤ.አ. ገበያው በአንድ ጊዜ ተንኮታኮተ። የሚገርመው፣ ሰው ያበደለት ዥንጉርጉሩ ቱሊፕ ዥንጉርጉር የሆነው በሽታ ስላለበት ነበር። ቫይረስ ነው ያን መልክ የሰጠው።

«ሱስ ነው» ላሉት ባለቤትዎ የምመልሰው እንዲህ ነው። ብዙ ተክል መውደድ በሽታ አይደለም። ከሥራ ጭንቀት በኋላ አፈር መንካት ያረጋጋል፤ ይህንን ማንም አትክልተኛ ያውቀዋል። ግን የቤት ኪራይ ገንዘብ የሚነካ ከሆነ፣ ግዢውን የሚደብቁ ከሆነ፣ ተበድረው የሚገዙ ከሆነ፣ ወይም ተክሎቹን ሳይተክሉ በፕላስቲካቸው እየሞቱ ሌላ የሚጨምሩ ከሆነ ጉዳዩ ከአትክልት ባለሙያ ያለፈ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ማነጋገር ያስፈልጋል። ያንን እኔ በአፈርና በውሃ ልፈታው አልችልም። ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ግን እዚያ አልደረሱም።

አየር ያጸዳል ያሉትን ግን ይተዉት። ይህ ወሬ የተነሳው ናሳ በ1989 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ጥናት ነው። ጥናቱ የተሠራው በታሸገ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው። የእርስዎ ሳሎን መስኮት አለው፣ በር አለው፣ በስንጥቁ ነፋስ ይገባል። በእንዲህ ዓይነት ቤት ተክሎቹ የሚያጸዱት ከምንም አይቆጠርም። መስኮቱን 10 ደቂቃ መክፈት ይበልጠዋል። ተክሉን ስለሚያምር ያስቀምጡት፤ ያ በቂ ምክንያት ነው። የግዢ ሰበብ አይሁንልዎ እንጂ።

ስለ አቮካዶው። ሻጩ የነገረዎት ስህተት ነው፤ ምናልባት ከፓፓያ ጋር ተምታቶበት ይሆናል። ወንድና ሴት ዛፍ ያለው ፓፓያ ነው። የአቮካዶ አበባ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይዟል። አሠራሩ ደስ ይላል፤ አበባዋ መጀመሪያ ስትከፈት ሴት ሆና ትከፈታለች፣ ትዘጋለች፣ በማግስቱ ወንድ ሆና ድጋሚ ትከፈታለች። አንዳንዱ ዝርያ ጠዋት ሴት ነው፣ ሌላው ከሰዓት። ስለዚህ ሁለት የተለያየ ዝርያ አጠገብ ላጠገብ ሲኖር ፍሬው ይበዛል። ያ ሌላው ዛፍ ግን ጎረቤት ግቢም ሊሆን ይችላል፤ ንቦች አጥር አያውቁም። ለብቻዋ የቆመችም ታፈራለች። ዋናው ችግርዎ ቦታ ነው። አንድ አቮካዶ ዙሪያውን ከ6 እስከ 8 ሜትር ይፈልጋል። በሌላ ግንድ ላይ የተዳቀለ ችግኝ ከሆነ በሦስት አራት ዓመት ያፈራል፤ ከፍሬው የበቀለ ከሆነ ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያስጠብቅዎ ይችላል። እርስዎ ደግሞ ተከራይ ነዎት። ቢያፈራም የሚበላው አከራይዎ ነው።

ማንጎው የቆላ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቅጠል ያወጣል፣ ይቆማል፣ ያስተክዛል፤ ፍሬ ግን አይጠብቁ። ቆላ የሚሄድ ዘመድ ካለዎት ክረምት ሲገባ ይላኩት። ቡናውም ከፍታው በዝቶበታል፤ ግን ከነፋስ ከተከለለና ጥላ ካገኘ ለዓይን ያምራል፤ ይቆይ።

ታዲያ አማራጩ ምንድን ነው? ብዙ ሰው የሚጀምረው «ከእንግዲህ አልገዛም» ብሎ በመማል ነው። መሐላው ሦስት ሳምንት አይቆይም። ሁለተኛው «አንድ ሲገባ አንድ ይውጣ» ነው። ይህ ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን ቁጥሩ 86 ላይ እያለ ከጀመሩት 86 ላይ ያስርዎታል። ሦስተኛው ከመግዛት ይልቅ ከጓደኛ ቅርንጫፍ መቀበልና ማባዛት ነው። ገንዘብ ይቆጥባል፤ ፖት ግን አይቆጥብም። ጌራኒየም ሲከረክሙ የቆረጡትን ሁሉ የሚተክሉ ከሆነ በአንድ ክረምት አምስቱ ሃያ ይሆናሉ። የተቆረጠን መጣል ኃጢአት አይደለም። ኮምፖስት ውስጥ ይግባ።

እኔ የምመክረው ቁጥሩን ከደረቁ ወቅት እንዲነሱ ነው። ስንት ተክል ላኑር የሚለውን ጥያቄ ሐምሌ ላይ አይመልሱት፤ ሐምሌ ሁልጊዜ «ገና አለ» ይልዎታል። ጥር ላይ፣ ውሃ በሌለበት ሳምንት፣ ከሥራ ደክመው ሲገቡ ስንቱን ማጠጣት ይችላሉ? ያ ነው ቁጥርዎ። ከነገሩኝ በመነሳት ከ30 አይበልጥም ባይ ነኝ።

እኔ ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። አንድ ዓመት በረንዳዬ ላይ 40 የሚጠጋ ፖት ነበረኝ። ጥር ላይ ለሥራ ሁለት ሳምንት ከከተማ ስወጣ ጎረቤቴን አደራ አልኳት። አደራዋን በደንብ ተወጣች፤ ሁሉንም በየቀኑ እኩል አጠጣች። ስመለስ ፈርኑ ጫፍ ጫፉ ደርቋል፣ ካክተሱ በስብሶ እንደ ሙዝ ተልጧል። ምን ታድርግ፤ የማን ጥማት ምን ያህል እንደሆነ አልጻፍኩላትም። ልጽፍላት ብቀመጥም አራት ገጽ ይሆን ነበር። ከዚያ ወዲህ ለጎረቤት በአንድ ገጽ ጽፌ መስጠት ከምችለው በላይ አልይዝም።

ከ86 ወደ 30 የሚወርዱት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የሞቱትን ይቁጠሩ። ግንዱን በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉ፤ ከልጡ ሥር አረንጓዴ ከሌለ ሞቷል፣ ተስፋ አያድርጉ። ከዚያ ስሙን የማያውቁትንና ከመስከረም ወዲህ አንድም ቀን ቆመው ያላዩትን ወደ አንድ ጥግ ይሰብስቡ። እነዚህ የሚሰጡ ናቸው። አቮካዶዎቹንና ሌላ የዛፍ ችግኝ ካለዎት አሁን ለማንም አይስጡ። በዚህ ድርቀት የተተከለ ዛፍ አይጸድቅም። ጥላ ሥር አሰባስበው እስከ ሰኔ ያቆዩዋቸውና ክረምት ሲገባ ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን ግቢ ወይም ለሰፈር የአረንጓዴ አሻራ ተከላ ይስጡ። ፊከስ ካለዎት ግን ቤት አጠገብ የሚተክል ሰው አይስጡ፤ ሥሩ ቱቦና ሴፕቲክ ታንክ ፈልጎ ይገባል።

ከጽጌረዳዎቹ አምስቱን ብቻ ይምረጡ። የቀሩትን አንዱን ለእህትዎ፣ አንዱን ለሥራ ባልደረባ እያሉ ያካፍሉ። አምስቱን ከጥቁር ፕላስቲኩ አውጥተው፣ የተጠማዘዘውን ሥር በጣት ፈታ ፈታ አድርገው፣ 20 ሊትር በሚይዝ ፖት ለየብቻ ይትከሏቸው። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ያረጀ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ። ትኩስ ፍግ አይሁን፤ ያቃጥላል። ሥራውን ማታ ማታ ይሥሩትና ለአንድ ሳምንት ከቀጥታ ፀሐይ ያርቋቸው። ትናንሾቹን አበቦች ደግሞ ሦስት ሦስቱን አንድ ትልቅ ፖት ውስጥ ያዋህዷቸው። ብዙ አፈር ቶሎ አይደርቅም። በየሁለት ቀኑ ያጠጡት የነበረው በየአራት ቀኑ ይበቃዋል። ላዩን ደረቅ ሳር ወይም ገለባ ያልብሱት። አትክልትና ምስር ያጠቡበት ውሃ ለዚህ ይሆናል፤ በረኪና የነካው ግን አይሆንም።

ጥቂት ጥንቃቄዎች። ከሚሰጡት ውስጥ ዲፈንባኪያ ካለ ሕፃን ያለበት ቤት አይግባ፤ ቅጠሉ ሲታኘክ አፍና ጉሮሮ ያሳብጣል። ኦሊያንደር ከዚያም የከፋ መርዝ ነው። የማይፈልጉትን ተክል ወንዝ ዳር አይጣሉ። እምቦጭ በአበባው ውበት ከአገር አገር የተዛመተ ተክል ነው፤ ጣና ላይ ያደረገውን አይተናል። የወፍ ቆሎም በአጥር ጌጥነት ጀምሮ ነው የግጦሽ መሬት የወረረው። ክሽክሽ (ለጋ ቅጠል ላይ የሚረባ ትንሽ ተባይ) ወይም ነጭ ጥጥ የመሰለ ተባይ ያለበትን ሳያጸዱ አይስጡ። ወደፊት የሚገዙትንም ሁለት ሦስት ሳምንት ከሌሎቹ ለይተው ያቆዩ። ለእርሻ የተገዛ የተባይ መድኃኒት ደግሞ ቤት ውስጥ በጭራሽ አይርጩ። ለክሽክሽ በውሃ የተበጠበጠ ትንሽ ሳሙና ይበቃል።

ጤና አዳሙን፣ በሶብላውን፣ የጥብስ ቅጠሉን ከያዙ አይንኳቸው። በየቀኑ የሚቀጠፍ ተክል አይረሳም፤ ስለዚህ አይሞትም።

እስከ መጪው ሰኔ አንድም ችግኝ አይግዙ። ከሰኔ በኋላም ዓይንዎ የገባውን ፎቶ አንስተው ይለፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የት እንደሚቆም ቦታውን ማሳየት ከቻሉና የሚወጣውን ከመረጡ ይግዙ። ተክል የማየት አምሮት ከያዘዎ ጉለሌ የእፅዋት ማዕከል ይሂዱ። እዚያ የአገራችን ዛፎች አሉ፤ ማንም ይዤ ልሂድ አይልም፣ ማጠጣቱም የእርስዎ ሥራ አይደለም።

የቀረው ደንበኛዎ ነው። ይሉኝታው ይገባኛል፤ ሰውየው ስምዎን እየጠራ «ዛሬስ?» ሲል ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ግን እሱ የሚሸጠው ችግኝ ብቻ አይደለም። አምስቱ ጽጌረዳዎች ብቻ 100 ሊትር የአፈር ድብልቅ ይፈልጋሉ፤ አምስት ጀሪካን ሙሉ ነው። አፈሩን ከእሱ ይግዙ። ኮምፖስቱንም ከያዘ እንዲሁ። ጊዜ ካለው ደግሞ ግማሽ ቀን ቤትዎ መጥቶ እንዲተክልልዎ ይክፈሉት፤ ፕላስቲክ መሰንጠቁንና ሥር መፍታቱን ከሁላችንም በላይ ይችልበታል። ሲጨርስ ጥግ ከተሰበሰቡት ውስጥ ጤነኞቹን ያሳዩት። መልሶ የሚሸጣቸው ካሉ በነፃ ይውሰድ።